«ማታ ደህና ገብታ ጠዋት እምቢ ትላለች» - የደሴ ብርድና ሞተር፣ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥቅምት ከገባ ወዲህ የሚደወለው ስልክ አብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ሞተር ሳይክሉ ጠዋት አይነሳም። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል። በእርግጥ ብርድ ነው። ግን ደህና የተያዘ ሞተርን የደሴ ብርድ አያቆመውም። ብርዱ የሚያደርገው በበጋውም በክረምቱም ተደብቆ የኖረውን ድካም ማውጣት ነው። ጥያቄዎቻችሁን በዚህ ዓይን እንያቸው።

ከሰኞ ገበያ የደወለ ወጣት፦ «ባለካርቡሬተር ስኩተር አለችኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሪኖውን ስጫን በዝግታ ይዞርና ይቀራል። ደጋግሜ ስሞክር ባትሪው ጭራሽ ይሞታል።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መደጋገሙን ተው። ካንዴላው የሚያቀጣጥለው የቤንዚኑን ትነት ነው፣ ቤንዚን ደግሞ በብርድ እንደልብ አይተንም። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከአየሩ ጋር የሚገባውን ቤንዚን ከወትሮው ያበዛል። ቁልፉን ክፈት፣ መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ አጥፋው፣ ቾኩን እስከ መጨረሻው ሳበው፣ ፍሬን ያዝ፣ ነዳጅ ሳትሰጥ ጫን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ቾክ ስቦ ነዳጅም ይሰጣል፣ ያኔ የቾኩ ጉልበት ይጠፋል። ከ5 ሰከንድ በላይ አትጫን። እምቢ ካለች 15 ሰከንድ ያህል ባትሪውን አሳርፈው። አንዳንድ ስኩተር ላይ ቾኩ በራሱ ነው የሚሠራው፣ የሚሳብ ነገር ካጣህ አትደናገጥ።

መርገጫ ካላት ግን እኔ ለጠዋት እሱን ነው የምመርጠው። ቁልፉን ሳትከፍት ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ርገጣት፣ ሌሊቱን የወፈረው ዘይት ይላቀቃል፤ ከዚያ ቁልፉን ከፍተህ አንዴ በደንብ ርገጥ። ከተነሳች በኋላ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሰው። ተስቦ ከረሳኸው ካንዴላው በጥላሸት ይሞላል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እንደገና ትደውልልኛለህ።

ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ካንዴላው ረጥቧል ማለት ነው። ቾኩን መልስ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ክፈትና ርገጥ። ካልሆነ ካንዴላውን ፍታና አድርቀው።

አሁን ዋናው፦ «በዝግታ ይዞራል» ብለሃል። ይሄ የባትሪ ወይም የዘይት ምልክት ነው። አንድ መካኒክ ጋ ሄደህ ባትሪህን በቮልት መለኪያ አስለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ተርቧል። ሞተሪኖው ሲጫን ከ10 በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቀየር ነው መፍትሔው። ግን ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ጫፎቹ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት አስጠርገህ ሞክር። ዘይቱንም ጠይቅ። 20 ደብልዩ 50 የሚባለው በብርድ ይወፍራል፣ 10 ደብልዩ 40 ጠዋት ላይ ቶሎ ይፈሳል፤ የሞተርህ መመሪያ ከፈቀደው ቀይረው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሞተር ያላችሁ ደግሞ የዘይቱ ዕቃ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ፈልጉ። የስኩተሩ «ኤም ቢ» ነው፣ እሱን ከጨመራችሁ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል።

ከፒያሳ የደወለች እናት፦ «ባለቤቴ ሌባ ፈርቶ ሞተሩን ሳሎን ያሳድረዋል። ጠዋት እዚያው አስነስቶ ያሞቀዋል። ልጆቹ ተኝተው ነው፤ ጭሱ ይጎዳል?»

እህቴ፣ ይጎዳል ብቻ ሳይሆን ይገድላል። ዛሬውኑ ይቁም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከሰል ያለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቾክ ተስቦ ሲነሳ ደግሞ በብዛት የሚያወጣው ያኔ ነው። በር መክፈት አይበቃም፣ መስኮት መክፈትም አይበቃም። ሞተሩ ሳሎን ይደር፣ ችግር የለም፣ ግን ቤንዚን የማያንጠባጥብ መሆኑን አረጋግጡ፣ እሳትና ሻማም አጠገቡ አይሁን። ጠዋት ጠፍቶ እየተገፋ ወደ ውጪ ይውጣ፤ ከበሩ ራቅ ብሎ ይነሳ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ያየሽባቸው ጠዋት ካለ ልጆቹን ወዲያው ንጹህ አየር ላይ አውጪና ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ለባለቤትሽም ይህን ንገሪልኝ፦ ሞተር ረጅም ጊዜ ቆሞ መሞቅ አያስፈልገውም። ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፣ የቀረውን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ እየነዳ ያሞቀዋል።

ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት፦ «ሞተሬ ኮምቦልቻ ሳለ አንድ ርግጫ ነው። ደሴ ልጄ ጋ ካደረ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የሚነሳው፣ ጉልበትም የለው።»

ጋሼ፣ ሞተርዎ አልታመመም። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጡ 600 ሜትር ከፍ ይላሉ፣ አየሩ ይሳሳል፣ ብርዱም በተለምዶ 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ካርቡሬተሩ ግን የኮምቦልቻውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን አይተውም። ጭሱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ደሴ ሲያድሩ ቾኩን ግማሽ ብቻ ይሞክሩት፣ ቶሎም ይመልሱት። ዲፑራቶሩን፣ ማለትም የአየር ማጣሪያውን፣ አስጠርገው ያውቃሉ? አቧራ የዘጋው ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። አንድ ቀን ለማደር ብለው ካርቡሬተር አያስነካኩ። ኢንጀክሽን የሆነ፣ ማለትም በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር መጥኖ የሚረጭ ሞተር ይህን ልዩነት በራሱ ያስተካክላል፤ ጠዋት ላይ ቁልፉን ከፍቶ የፓምፑ ድምፅ እስኪቆም መጠበቅ ብቻ ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ የደሴ ልጅ፦ «ሱብሂ እንደሰገድኩ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ዶሮ መዝለያ ስደርስ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ሌሎቹ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው ነው የሚወርዱት።»

ያንን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ ወይም በዜሮ ማርሽ መውረድን እባካችሁ ተዉት። ሞተሩ በማርሽ ሲሆን ራሱ ይይዝሻል፤ ካልሆነ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ መያዙን ይተዋል። ከኋላሽ የጭነት መኪና አለ። ስኩተር ከሆነች ማርሽ የላትም፣ በጣም በዝግታ ስትሄድ ሞተሩ መያዙን ጭራሽ ይለቃል፤ ስለዚህ ከጅምሩ ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግሽ ውረጂ።

ጣቶችሽን በተመለከተ፣ የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነጂ ንፋሱ ለገላሽ ከ0 በታች ያደርገዋል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፣ እኔን ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሱፍ ጓንት ብቻውን ንፋስ ያሳልፋል። ከሥር የሐኪም ጓንት፣ ከላይ የቆዳ ጓንት አድርጊ። ደረትሽ ላይ ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ ወይም ላስቲክ አድርጊ፤ ደረት ሲሞቅ እጅም ይሞቃል። ጣትሽ ካልሰማሽ ቁሚ፣ ብብትሽ ሥር አድርገሽ አሙቂያቸው፣ ሰዓት ቢያልፍም ይለፍ። ሻርፕሽን ደግሞ ጃኬቱ ውስጥ አስገቢው። ጋቢ ለብሳችሁ ከኋላ የምትቀመጡም ጫፉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ጎማ ወይም ሰንሰለት ከያዘው አንገት ነው የሚጎትተው። የሄልሜቱ መስታወት ጉም ከያዘ ከውስጥ በኩል ትንሽ ሳሙና ቀብተሽ በደረቅ ጨርቅ ወልውይው። ጎማም በብርድ ይደርቃል፣ ንፋሱም ይቀንሳል። ጠዋት ሳትወጪ ለኪው፣ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች በዝግታ ያዢ።

ከኩታበር መንገድ፦ «ከሞተሩ ሥር የከሰል ፍም አድርጎ ማሞቅስ?»

በፍጹም። ከፍሙ በላይ ያለው ቤንዚን ነው።

ከሮቢት፦ «በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስኩተር ልገዛ ነው። ብርዱን ይችላል?»

ይችላል፣ ቾክም ካንዴላም የለውም፣ ሁሌ ይነሳል። ግን በብርድ የሊቲየም ባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ያጥርብሃል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ደግሞ ከሁሉ የሚበላው ነው። ሻጩ የነገረህን ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ የተለካ ነው ብለህ አስብ፣ ዳገቱ ላይ ራስህ ነድተህ ሳታይ አትክፈል። ውርጭ በመታው ሌሊት ውጪ ያደረ ባትሪ ላይ ቻርጀር አትሰካ፣ ከ0 በታች ቻርጅ መደረግ ይጎዳዋል። ማታ እንደገባህ፣ ባትሪው ገና ሞቅ እንዳለ ሰካው። ስትሰካውም ከመኝታ ቤትና ከመውጫው በር ራቅ አድርገው።