መስቀል የለው፣ ደወል የለው፣ በሩ ግን ሁለት

ባለፈው ሳምንት ኩዌከር ስለሚባሉት የክርስቲያን ማኅበር አባላት የጸሎት ቤት ካወራን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ሦስቱን ጥያቄ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊላደልፊያ የደወለ አድማጭ፦ «አርች ስትሪት ላይ ያለው ትልቁ የጡብ ቤት መጋዘን ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?»

አልፈርድብህም፣ ያሳስታል። የኩዌከሮች መሰብሰቢያ ቤት ነው። የነደፈው ኦወን ቢድል የሚባል አናጺ ሲሆን መካከሉና የምሥራቁ ክንፍ ከ1803 እስከ 1805 ተሠሩ፤ የምዕራቡ በ1811 ተጨመረ። ቀልቡን የሚስብ ጌጥ የለውም፤ የሚያስፈልገውም አይመስላቸው። በጥንቱ ልማዳቸው ቄስ የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ መዝሙር የለም። ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ መንፈስ ያነሳሳው ካለ ተነስቶ ይናገራል፣ ካልተገኘም በዝምታው ያበቃል። ታዲያ መንበሩ ለማን ይሠራ? መሥራቻቸው ጆርጅ ፎክስማ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሰዎቹ ናቸው ብሎ፣ የሌሎቹን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ «ባለ ማማ ቤት» እያለ ነበር የሚጠራው።

አንዲት እናት፦ «ሁለት በር ለምን አስፈለገ? እንደኛ የወንድና የሴት ነው?»

አዎ እማማ፣ ግን ነገሩ በሩ ላይ አያበቃም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባኪንግሃም የሚባል ቦታ በ1768 የተሠራውን የድንጋይ ቤት እንይ። ከፊት ለፊት ሲያዩት መሐሉ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ግራው ከቀኙ እኩል ነው። ለአምልኮ ወንዱም ሴቱም አብረው ይቀመጣሉ። ጸሎቱ አልቆ የማኅበሩ ጉዳይ ሲመጣ፣ ማለትም ማን ሊያገባ ነው፣ የትኛው ችግረኛ ይረዳ የሚለው፣ መሐል ያለው የእንጨት ግድግዳ ይዘጋና ሁለቱም ለየብቻ ይመክራሉ። አንዳንድ ቤት ውስጥ ግድግዳው በገመድና በመዘውር ነው ወደ ላይ የሚሳበው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቤቶች የሴቶቹ ክፍል ከጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚህ ግን እኩል ወለል፣ እኩል መስኮት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢው የተሠሩትም ይህንኑ ተከተሉ። መለያየቱን እኔ አልወደውም። ግን በዚያ ዘመን ሴቶች ራሳቸው ጸሐፊ መርጠው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው የሚወስኑበት ክፍል ሌላ የት ነበር?

አንድ ተማሪ፦ «ሁሉም እኩል ከሆነ፣ ከፊት ከፍ ብለው የተደረደሩት አግዳሚዎች ምንድን ናቸው?»

እዚህ ላይ ያዝከኝ! ሽማግሌዎችና በንግግር ጸጋቸው የታወቁ ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው የሚቀመጡበት ነው። ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን ከፍታው ድምፅ ለማሰማት ይረዳል፤ ግን ክብርም አለበት፣ አንዋሽ። ዛሬ ብዙ ቦታ ማንም ይቀመጥበታል፣ አንዳንዶቹም አግዳሚዎቹን በአራት ማዕዘን አዙረው ፊት ለፊት እየተያዩ ዝም ይላሉ።