እመቤቲቱን ነቀልኳት

እሺ... እየቀዳ ነው። እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ ስለ አበባ ዘር ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። አልረሳሁም። ግን ሌላ ነገር ይዞኛል። እመቤቲቱን ነቀልኳት።

አዎ፣ እሷኑ። የጥጓን አበባ፣ ኢኪናሲያዬን። ዘሯን በእርጥብ አሸዋ ጠቅልዬ አንድ ወር ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኳት። የመጀመሪያውን ዓመት ቅጠል ብቻ ሆና አሳለፈች፤ በሁለተኛው ዓመት ያበበች ቀን እዚሁ ማይክ ፊት ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምታችኋል።

ጠዋት ነው። ጤዛው አልደረቀም። እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ እያየኋት ሳለ አንዷ አበባ ልክ አልመስል አለችኝ። ወይን ጠጅ መሆን የነበረባቸው ፔታሎች፣ የአበባው ቅጠሎች ማለቴ ነው፣ አጫጭርና አረንጓዴ ናቸው። ከመሃሉ ጉልላት ላይ ደግሞ ቅጠል የመሰለ ጭብጥ ነገር ወጥቷል። አበባ በአበባ ላይ የበቀለ ይመስላል። በጣቴ ነካሁት። ለስላሳ ነው። ጉልላቱ እኮ እንደዚያ አይደለም፣ ይዋጋል! ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ ኤኪኖስ በግሪክኛ ጃርት ማለት ነው። ሞንች የሚባለው የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1794 ነው ስሙን ያወጣላት። እኔ እንኳ በደረቀችበት ወቅት ጉልላቷን መዳበስ እንዴት እንደምወድ... ተውት።

አስተር የሎውስ የሚባለው የዕፅዋት በሽታ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ትንንሽ ዘላይ ነፍሳት ናቸው የሚያዛምቱት። ጭማቂዋን ሲመጥጡ በሽታውን ትተው ይሄዳሉ። መድኃኒት የለውም። አበባውን ብትቆርጡትም በሽታው መላ አካሏ ውስጥ ነው። ከቆየች ለጎረቤቶቿ ትተርፋለች። ስለዚህ ወዲያው ነቀልኳት።

የእኔዋ ፑርፑሪያ የምትባለው ዓይነት ናት፤ እንደ ሌሎቹ ኢኪናሲያዎች አንድ ወፍራም ሥር ወደ ታች አትሰድም፤ ሥሯ ብዙና ቀጫጭን ነው። አፈሩን አቅፋ ነው የወጣችው። ሲበጠስ ድምፅ አለው፤ ጥ... ጥ... ጥ። ከሥሩ ራስ ላይ ነጣ ያለች ቡቃያ አየሁ። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ለሚመጣው ዓመት ያዘጋጀቻት መሆን አለበት። እሷን ካየሁ በኋላ ነው እጄ የከበደኝ።

ማታ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ማይት ቢሆንስ? በዓይን የማትታይ፣ ጉልላቱ ውስጥ የምትኖር ተባይ አለች። እሷም እንዲህ ያለ ጭብጥ ታወጣለች። ያኔ የተበላሸውን አበባ ቆርጦ መጣል ይበቃ ነበር፤ ተክሏ ትተርፋለች። ፔታሎቹስ? ኢኪናሲያ ገና ስትፈነዳ ፔታሎቿ አረንጓዴ ናቸው። ቀለሙ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ይህን አውቃለሁ! ስንት ዓመት አይቻለሁ። ቅጠሎቿን ግን ልብ ብዬ አላየሁም። ቢጫ ሆነው ነበር? ጠማማ ነበሩ? ሁሉንም በከረጢት አስሬ ጥዬዋለሁ። ተመልሼ የማየው ነገር የለም።

ልክ ነኝ ይሆናል። ሌሎቹን አድኛለሁ ይሆናል። ወይም ደግሞ...

አምና የደረቁትን ጉልላቶች ለወፎች ብዬ ስተው፣ ጥቂት ዘር ቆንጥሬ በወረቀት አስቀምጬ ነበር። የእሷ ነው። በሽታው በዘር አይተላለፍም። ልዝራው? እዚያው ጉድጓድ ላይ? እስካሁን አልደፈንኩትም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ላጠጣ ስወጣ በዳር በኩል ነው የማልፈው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጎኗ ያለችው፣ አጭሯ፣ ዛሬ አንድ እምቡጥ ከፍታለች። አረንጓዴ ናት። ገና ናት መሰለኝ። ነገ ቀለም ትይዛለች። መቁረጫውን ግን ይዤ ወጥቼ ነበር... አጠገቧ ቆምኩና... አይ፣ ነገ ልያት።