ጠጠሩ አልመታኝም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ማይኩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አስቀምጫለሁ። ክዳኗ ላይ ብሩሽ አላት። ትናንት እህቴ አንስታ ጥፍሯን ልትቀባባት ስትል ነው የደረስኩባት። የመኪናዬ ቀለም ናት። ስለ እሷ ላውራችሁ።

መኪናዬ ብርማ ቪትዝ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያዬ ናት። የገዛኋት ቀን ደላላው ሲደጋግማት የዋለው ቃል «ኦሪጅናል ቀለም» የምትል ነበረች። መኪና ልግዛ ብሎ የዞረ ሰው ያውቃታል። ገዢ ሞተሩን ሳይሰማ ኮፈኑን በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል። ጠንቃቃው ደግሞ ማግኔት ይዞ ይመጣል። ማግኔቱ ቆርቆሮው ላይ ጥብቅ ካላለ ሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም የጎደጎደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን፣ አለ፣ ስቱኮ ካለ ግጭት ነበረ፣ ዋጋው እዚያው ቁልቁል ነው። አንዱን ገዢ አልረሳውም፤ ማግኔቱን ፓራውልቱ ላይ ለጥፎ አልይዝ ሲለው «ተገጭታለች!» ብሎ ሊሄድ ነበር። ፕላስቲክ እኮ ነው ጌታዬ!

እንግዲህ በገዛኋት በሦስተኛው ሳምንት ወደ አዳማ ወጣሁ፣ በፈጣን መንገዱ። ቱሉ ዲምቱን ካለፋችሁ በኋላ እግር እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ በመጨናነቅ ስትንፏቀቅ የከረመች መኪና 120 ስትሄድ ደስ ይላል። ከፊቴ ቀይ አሽ የጫነ ገልባጭ አለ፤ ሸራ አልለበሰም። ልቀድመው ጠጋ አልኩ። ከዚያ፣ ጧ!

የፊት መስታወቱ ነበር ያስደነገጠኝ፤ ደህና ነው። አዳማ ደርሼ ዞር ዞር ብዬ ሳይ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የምስር ክክ የምታህል ነጥብ። በቃ ይቺው ናት። ግን ነጭ ሸሚዝ ላይ ወጥ እንደተንጠባጠበበት ሰው ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ እኔ ኮፈኑን አያለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ምን አደረግሁ? ሴራሚክ የሚሉትን፣ ቀለም ላይ የሚቀባ መከላከያ፣ አስቀባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። ልጁ «ከዚህ በኋላ ጠጠርም አይነካት» አለኝ፤ እኔም አመንኩ፣ ማመን ፈልጌ ነበርና። እውነት ለመናገር አብረቀረቀች፤ ውሃ ሲያርፍባት እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል። ላቫጆ የሚያጥቧት ልጆች እንኳን አደነቋት። በወሩ በዚያው መንገድ ሄድኩ፤ ሁለት ነጥብ ጨምሬ ተመለስኩ። የመጀመሪያዋ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ዳርዳሯ ቡናማ ሆነ።

ያኔ ነው አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ የሄድኩት። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እንድጠራ አይወዱም። መነጽር አላወጡም፣ ምንም አላሉም። ጥፍራቸውን ነጥቧ ላይ አድርገው ጎተት አደረጉ። «ልጄ፣ ጥፍሬ ገባች። ቆርቆሮ ደርሷል» አሉ።

አንድ ነገር ነው የማላውቀው የነበረው፤ ቀለም የምንለው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ። ከፋብሪካ ሲወጣ ቆርቆሮው በኤሌክትሪክ የሚጣበቅ ፀረ ዝገት ይለብሳል፣ ከዚያ ፕራይመር የሚሉት ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ በላዩ ክሊር የሚሉት እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የማተሚያ ወረቀት ውፍረት 100 ማይክሮን ገደማ ነው። ወረቀት ተኩል በሉት። ያን ሁሉ ብር የከፈልንበት ውበት ወረቀት ተኩል ነው። ሴራሚኩ ደግሞ በዚህ ላይ ጥቂት ማይክሮን ቢጨምር ነው። ቆሻሻ እንዳይጣበቅ፣ እጥበት እንዲቀል ያደርጋል፤ ለዚያ ጎበዝ ነው። ጠጠር ግን አይመልስም። ጋሼ ሳቁና «ድንጋይ ሲወረወርብህ ቅባት ተቀብተህ ነው የወጣኸው» አሉኝ።

ቀጥለው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

«ስንት ትነዳ ነበር?»

«120። የተፈቀደ ነው» አልኳቸው፣ ፖሊስ የያዘኝ ይመስል።

«ገልባጩስ?»

«ሰባ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የመታው?»

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ልክ ናቸው። ከጭነት የወረደች ወይም ጎማ ያነሳት ጠጠር አየር ላይ ስትወጣ ፍጥነቷ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልትወድቅ ነው። እኔ ነኝ በ120 ሄጄ የገባሁባት። በዚያ ላይ የምቱ ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አያድግም፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ80 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፤ ምቱ ግን ከሁለት እጥፍ ያልፋል። እኔ ገልባጩን ስረግም ከርሜያለሁ! ሸራ ማልበስ ነበረበት፣ እሱን አልለቅለትም። ግን የተጠጋሁት እኔ ነኝ።

ጠጠር የሚመልስ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ፒፒኤፍ የሚሉት የፖሊዩሬቴን ላስቲክ ነው። ውፍረቱ 200 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ከቀለሙ ራሱ ይወፍራል። ምቱን ይውጠዋል፤ ጥሩው ዓይነት ትንንሽ ጭረት ሲያገኘው በፀሐይ ሙቀት ይገጥማል። መነሻው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፤ የሄሊኮፕተር ክንፍ አሸዋ እየበላው ሲያስቸግር ነበር የለጠፉት። ሙሉ መኪና ማልበስ ከእኔ ኪስ በላይ ነው። ፓራውልቱን፣ የኮፈኑን ፊት፣ ስፖኪዮውን ብቻ ማልበስ ግን ይቻላል፤ ጠጠር የሚበዛው እዚያ ነው። ከበሮቹ በታች ያለውን ደግሞ የገዛ ጎማችሁ ነው የሚመታው፤ ለሱ ከጎማ ኋላ የምትንጠለጠለው ጭቃ መከላከያ ትበቃለች። የእኔዋ አንዷ ተገንጥላ ስንት ወር እንደሄድኩ አትጠይቁኝ።

ጋሼን «ኮፈኑን በሙሉ ይቀቡልኝ» ብያቸው ነበር። እምቢ አሉ። ሥራቸው እኮ ነው፣ ገንዘብ ነው! «ለሦስት ነጥብ ብለህ ኦሪጅናል ቀለም አትግደል» አሉኝ። የብርጭቆ ወረቀት ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልለው ዝገቷን ብቻ፣ ዙሪያዋን ሳይነኩ ፈተጓት። በአልኮል ጠረጉ። የፕራይመር ነጠብጣብ፣ ከዚያ መኪናዋ ላይ ከተለጠፈችው የፋብሪካ መለያ ላይ በተነበበው የቀለም ኮድ የተቀየጠ ቀለም፤ በስሱ፣ እየደረቀ፣ ሦስት ጊዜ። ብርማ ቀለም ተንኮለኛ ነው፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ በብሩሽ ሲነካ እንደ ፋብሪካው አይተኛም፣ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያያታል። ዝገቱ ግን ቆመ።

ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግረው «አንተ ክረምት እስኪወጣ ጊዜ ነበረህ» አለኝ። እነሱ ዘንድ በረዶ እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል፤ ጨው ደግሞ ለቆርቆሮ አያዝንም።

አሁን ከገልባጭ ኋላ ስሆን ወደኋላ እቀራለሁ። በሰፊው። ያችን ክፍተት አይቶ ሌላ ሰው ሁልጊዜ ይገባባታል፣ እኔ ደግሞ እንደገና ወደኋላ። ባለፈው እናቴ አብራኝ ነበረች፤ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ነጥብ አግኝቻለሁ፣ ከቀኝ መብራት በላይ። ፈትጌያት፣ ፕራይመር ነክቼያት፣ ቀለሙን ሁለቴ ቀብቼያታለሁ። ሦስተኛው ቀርቷል። ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ማይኩን ላጥፋና ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልውረድ። ቻው።