ስፕሪስ በሆንግ ኮንግ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ አንድ ስኒ ላውራችሁ።

ሆንግ ኮንግ ለሥራ በሄድኩበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት «ቻ ቻን ቴንግ» ከሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ አልኩ። ቦታ ስለጠበበ ከማላውቃቸው አዛውንት ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋራሁ። አስተናጋጁ ይጣደፋል፤ የምግብ ዝርዝሩን ሳላነብ አዛውንቱ የያዙትን በጣቴ አሳየሁት። የመጣልኝን ፉት ስል ሳቄ አመለጠኝ። ስፕሪስ! ሻይና ቡና ተቀላቅሎ! ልዩነቱ የእኛ በብርጭቆ ተደራርቦ ሲመጣ፣ የእነርሱ ወተት ገብቶበት ፈጽሞ መዋሃዱ ነው።

ስሙ ዩንየንግ ነው። ወንዱ በቀለማት ያሸበረቀ፣ ሴቷ ግራጫ የሆነች፣ ሳይመሳሰሉ ግን የማይለያዩ የዳክዬ ጥንዶች መጠሪያ ነው አሉኝ። ቀናሁ፤ ለስፕሪስ እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት የለም።

ከስኒው ጋር ማካሮኒ መጣ፣ በሾርባ ተነክሮ፣ የአሳማ ሥጋ ተከትፎበት። ሥጋውን ወደ ዳር ገፋሁት። ሾርባውን ግን ጨረስኩት፤ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።

ስለ ሆንግ ኮንግ ሲወራ «ምሥራቅና ምዕራብ የተገናኙባት» የምትለው ሐረግ አትቀርም። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ሕንፃ ነው፤ እንግሊዛዊው ኖርማን ፎስተር የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጠናቀቀው የኤችኤስቢሲ ባንክ ሕንፃ ሲሠራ የፌንግ ሹይ፣ ማለትም ቤት እንዴት ቢቀመጥ መልካም ዕድል እንደሚያመጣ የሚናገረው የቻይናውያን ልማድ፣ አዋቂ ተማክሯል ይባላል። ይሁን። እኔን የገረመኝ ግን ድህነት የሠራው ድብልቅ ነው። የሆንግ ኮንግ ደሴት በውል ለእንግሊዞች የተሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ ወተት ያለበትን ሻይም ይዘው መጡ። የፈረንጅ ምግብ ቤት ግን ለተራው ሰው አይቀመስም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉት ቻ ቻን ቴንጎች ያንኑ ምግብ በርካሽ አቀረቡት፤ በትኩስ ወተት ፈንታ የቆርቆሮ ወተት፣ ሻዩም ሲበዛ የወፈረ፣ በጨርቅ ከረጢት የተጠለለ። ከረጢቱ በሻይ ቀለም ከመጥቆሩ የተነሳ ካልሲ ስለሚመስል «የሐር ካልሲ ሻይ» ይሉታል።

እንግሊዝኛ የሚሞክሩትን አዛውንት፣ «ይህ የቻይና ነው ወይስ የእንግሊዝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስኒውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ቁርስ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። እኔስ ፓስታ በእንጀራ ስጠቀልል፣ የትኛው ጉርሻ የጣሊያን ነው ብሎ የጠየቀኝ አለ? አዛውንቱ ሂሳባቸውን ከፍለው ተነሱ፤ ወንበራቸው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።