ርስት ያልነበረው ቀጥቃጭ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው የእጅ ሥራን መናቃችንን ነው። ኢትዮጵያ ለምን ወደ ኋላ ቀረች ሲባል ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ ገባሩ ላይ የተጫነው ግብር ይነሳል፤ ልክ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ማግለላችን ግን ከእነዚህ የሚያንስ በደል አይመስለኝም። አገርንም አደኽይቷል።

በሰሜኑ ሰው የሚከበረው በርስቱ ነበር። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ክርስትና ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መታወጁን ትውፊት ይናገራል። መሬት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን በብረት፣ በሽመና፣ በሸክላና በግንባታ አደሩ። ገበሬው ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ ያለ እሱ እጅ እርሻ የለም። ያው ሰው ግን ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ቡዳ ነው ይባላል።

እስቲ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ዛሬ ብዙ ቀጥቃጭ የሚሠራው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ከሰሉ በወናፍ ይናፋል፣ ብረቱ ይግላል፣ ይቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ ጫፉ ውሃ ይነከራል። ከልክ በላይ ግሎ ከተነከረ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል፤ ሳይግል ከተነከረ ቶሎ ይደንዛል። ልኩን የሚያውቀው የብረቱን ቅላት የለመደ ዓይን ነው። ያ ዓይን ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ከቀጥቃጭ ቤት የሚጋባ፣ ልጁንም ለሙያ የሚሰጥ ጎረቤት አልነበረማ! ብዕር የያዘው የቤተ ክህነት ተማሪ ወናፍ አጠገብ አልተቀመጠም፣ ወናፍ የያዘውም አልጻፈም። ዕውቀቱ ሳይጠራቀም፣ ገንዘብም ሳይገባበት ኖረ። ማረሻው አፈር ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ለጤፍ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው። እሱን የሚያሻሽለው ሰው የተናቀው ሰው ነበር።

ነገሥታቱ ይህን አይተውታል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓ ሚሲዮናውያን እጅ መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይደርሳል። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ ግን ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ሥራውም በዚያው ቀረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እኔን መስደብ ነው አሉ። ትልቅ ቃል ነው! አዋጁ ግን ለቀጥቃጩ መሬት አልሰጠውም። ሕጉ የተለወጠው በየካቲት 1967 ነው፤ ራሱ ለማረስ የፈቀደ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር እንዲያገኝ ተፈቀደ።

ንቀቱ መልኩን ቀይሮ ዛሬም አለ። ለዓመታት ቴክኒክና ሙያ ይገባ የነበረው የ10ኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃለት ተማሪ ነው። ወላጅ በዚህ ያፍራል፤ ልጁም ሙያውን እንደ ቅጣት ይጀምረዋል። እኔ ብጠየቅ፣ የመንደሩን ቀጥቃጭ በአሰልጣኝ ደመወዝ ኮሌጅ አስገቡት እላለሁ። ብረቱ ምን ዓይነት ቀለም ሲይዝ እንደሚነከር፣ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ እሱ እየሠራ ያሳይ፣ አስተማሪው ይለካ፣ ይጻፍ። ምዘናውም ማረሻ አሠርቶ ድንጋያማ መሬት ላይ ማሳረስ ይሁን።