«መጽሐፌ ውስጥ አስገባችኋለሁ!»፦ ስለ ብራዚል ደራሲያን በንባብ ምሽት የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ?

በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ አንድ ሰዓት ሰጥተውኛል። ሩቡ ይበቃኛል። ሻዩም ሳይቀዘቅዝ እንጨርሳለን።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የብራዚል ኳስ ተጫዋች ጥሩ ብላችሁ ከፔሌ እስከ ኔይማር ሳትተነፍሱ ትደረድሩልኛላችሁ። ደራሲ ጥሩ ስላችሁስ? አውቃለሁ፤ ፓውሎ ኮኤሎ። «አልኬሚስት»ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ አዟሪ እጅ ላይ ሽፋኑን አይቶታል። እኔም አንብቤ ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? መጽሐፉን በ1988 ያወጣው ብራዚላዊ ነው፤ እረኛው ግን የስፔን ልጅ ነው። የሚጓዘው ወደ ግብፅ ፒራሚዶች ነው። ብራዚል የለችበትም።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ ብራዚል ስላለችባቸው መጻሕፍት ነው። ሁሉንም አልነካም። ጆርጅ አማዶን አልፈዋለሁ፤ በ1937 መጽሐፎቹን ሳልቫዶር ከተማ ውስጥ በአደባባይ ያቃጠሉበት ሰው ነው፣ ራሱን የቻለ ምሽት ይገባዋል። ጊማራይንስ ሮዛንም አልፈዋለሁ፤ እሱን በትርጉም ማውራት ቅኔን በስልክ እንደመፍታት ነው። ያመጣሁላችሁ አራት አምስት ሰው ነው። ሁሉንም ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ርዕሶቹ የኔ ናቸው። ዓመቶቹንም እንደ ፈረንጅ ውሰዱልኝ።

ከአንድ ከንቲባ እንጀምር።

ግራሲሊያኖ ራሞስ በ1892 ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አላጎአስ በሚባል ክፍለ ግዛት ተወለደ። ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው። በ1928 ፓልሜይራ ዶስ ኢንዲዮስ የምትባል ትንሽ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ከንቲባ ደግሞ ሪፖርት ይጽፋል። የከንቲባ ሪፖርት ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ «ከዕቅድ በላይ ተፈጽሟል» ነው። የግራሲሊያኖ ግን እንዲህ ይላል፦ አዲስ መካነ መቃብር ላሠራ አስቤ ነበር፤ የሕያዋኑ ጉዳይ ፋታ አልሰጠኝም። ሙታኑ ትንሽ ይጠብቃሉ። ቅሬታ የማያቀርቡ ነዋሪዎች እነሱ ናቸው።

እውነቴን ነው። ለክፍለ ግዛቱ ገዥ የተላከ ሪፖርት ነው ይሄ። ሪፖርቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለ አንድ አሳታሚ ዘንድ ደረሱ። አሳታሚው እንዲህ የሚጽፍ ሰው መሳቢያው ውስጥ ልብ ወለድ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ነበረው። በ1933 ታተመለት።

በ1936 በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ታሰረ። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም፤ አሥር ወር ያህል ቆይቶ ወጣ። ከእስር እንደወጣ ሪዮ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። ስለ ውሻ ነው። ከዚያ የውሻዋን ባለቤቶች ጨመረ፤ ልጆቹን ጨመረ፤ በ1938 «ደረቅ ሕይወት» የሚባል ትንሽ መጽሐፍ ሆነ። አባትየው ፋቢያኖ ነው። እናትየው ሲኛ ቪቶሪያ። ውሻዋ ባሌያ ትባላለች፤ ዓሣ ነባሪ ማለት ነው። ውሃ በሌለበት አገር፣ አጥንቷ የሚቆጠር ውሻ፣ ስሟ ዓሣ ነባሪ! ሁለቱ ልጆች ግን ስም የላቸውም። ትልቁ ልጅ፣ ትንሹ ልጅ፤ በቃ።

አንዱን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። ትልቁ ልጅ አንድ ቀን «ሲኦል» የሚል ቃል ይሰማል። ቃሉ ደስ ይለዋል። እናቱን ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃታል። መጥፎ ቦታ ነው ትለዋለች። እሱም በቅንነት «ሄደሽ አይተሽዋል?» ይላታል። ምን አገኘ? ኩርኩም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለጥያቄው ኩርኩም ያልቀመሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ልጁ ወጥቶ ውሻዋን አቅፎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ቃል የመጥፎ ቦታ ስም መሆኑ አልዋጥልህ ይለዋል።

አባትየውም ያው ነው። ከከብቱ ባለቤት ጋር ሒሳብ ሊተሳሰብ ይሄዳል። ሚስቱ ቤት ውስጥ የዘር ፍሬ መሬት ላይ ደርድራ ቆጥራለታለች። የጌታው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ፋቢያኖ ልዩነቱ ከየት መጣ ይላል። ወለድ ነው ይሉታል። ወለድ የሚባለውን ነገር አያውቀውም፤ የተበላ መሆኑን ግን ያውቃል። የሚናገርበት ቃል ስለሌለው ኮፍያውን አንስቶ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ባሌያ ስትሞት ነው፤ ወፋፍራም የዱር እንስሳ የሞላበት ዓለም እያለመች ነው የምትሞተው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ኮፍያ ነው።

ታዲያ ፋቢያኖ አንደበት ባይኖረውም ግራሲሊያኖ አለው። የተማረው ሰው ላልተማረው ይናገርለታል። ያኔ የነበረው አሠራር ይሄ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ቤተሰቡ እንደገና ድርቅ ሸሽቶ ይነሳል፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ትልቅ ከተማ። በእውነተኛው ዓለምም ስንትና ስንት ሰው በዚያ መንገድ ሄዷል። ከተማ ሲደርሱስ?

ሳኦ ፓውሎ እንግባ።

ካሮሊና ማሪያ ዴ ጄሱስ ከድርቁ አገር አይደለችም፤ በ1914 ሚናስ ጌራይስ ውስጥ ነው የተወለደችው። ጥቁር ናት። ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ያህል ነው። በ1950ዎቹ ሳኦ ፓውሎ፣ ቲየቴ ወንዝ አጠገብ፣ ካኒንዴ የሚባል ፋቬላ፣ የድሃ ሰፈር ማለት ነው፣ ውስጥ በጣውላ በሠራችው ጎጆ ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ሥራዋ ወረቀትና ቁርጥራጭ ብረት ለቅሞ መሸጥ ነው። እኛ ሰፈር ብትሆን ቆራሌ እንላት ነበር። ልዩነቱ ቆራሌ ይገዛል፤ እሷ ከቆሻሻ ትለቅማለች። ከምትለቅመው ወረቀት መሃል ያልተጻፈበት ደብተር ስታገኝ አትሸጠውም።

በእሱ ላይ ማስታወሻ ትጽፋለች። የታተመው ማስታወሻዋ የሚጀምረው ሐምሌ 15 ቀን 1955 ነው። የሴት ልጇ የቬራ ኤዩኒሴ ልደት ነው። ጫማ ልትገዛላት ፈልጋ ነበር፤ የምግብ ዋጋ አላስጠጋ አላት። ከቆሻሻ ውስጥ ጫማ አገኘች፤ አጠበችው፤ ጠግና አጫማቻት። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚከፈተው። ከዚያ በኋላ ገጽ በገጽ ተመሳሳይ ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ፣ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፣ ሰልፍ ነበር፣ ተጣሉ፣ ወረቀት ለቀምኩ፣ ይህን ያህል ሸጥኩ፣ ዳቦ ገዛሁ። ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካን ደርድሮ ያደገ ሰው የዚህን መጽሐፍ ግማሽ ሳያነብ ያውቀዋል።

ግን በድንገት እንዲህ ያለ ነገር ጣል ታደርጋለች። የረሀብ ቀለም ቢጫ ነው ትላለች። ሳትበላ ሰማዩም፣ ዛፉም፣ ወፉም ቢጫ ሆኖ ይታያታል። ስትበላ ሁሉም ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ሌላ ቦታ ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 1958 ትጽፋለች። ግንቦት 13 ብራዚል ባርነትን በ1888 በሕግ ያስቀረችበት ቀን ነው። ዝናብ ነው፤ ወረቀት ለቀማ የለም፤ ልጆቹ ምግብ ይላሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገና የሚበላ አገኙ። እኔም በዚህ ቀን የዛሬውን ባርነት፣ ረሀብን፣ ስታገል ዋልኩ ብላ ትዘጋዋለች።

ጎረቤቶቿ አይወዷትም። ለምን ይውደዷት? በተጣሉ ቁጥር «መጽሐፌ ውስጥ አስገባችኋለሁ!» እያለች ታስፈራራለች። ሌላው ፖሊስ እጠራለሁ ይላል፤ እሷ እጽፋችኋለሁ ትላለች። በ1958 ኦዳሊዮ ዳንታስ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ለዘገባ ወደ ካኒንዴ መጣ። ለልጆች የተሠራውን መጫወቻ ጎረምሶች ይዘውት፣ አንዲት ሴት ያንኑ ማስፈራሪያ ስትጮህባቸው ሰማ። የምን መጽሐፍ? ብሎ ጠየቀ። ቤት ወስዳ ደብተሮቹን አሳየችው።

በ1960 ታተመ። ርዕሱ በኛ ቋንቋ «የአሮጌ ዕቃ ክፍል» ቢባል ይሆናል። ከተማዋ ሳሎን ናት፤ ፋቬላው ደግሞ የማይፈለገው ዕቃ የሚወረወርበት ክፍል ነው ትላለች። መጀመሪያ የታተመው 10,000 ቅጂ በቀናት ውስጥ አለቀ። ከአሥር በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ከፋቬላው ስትወጣ ግን ጎረቤቶቿ ዕቃዋን የጫነውን መኪና በድንጋይ ሸኙት። መጽሐፍ ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸዋ!

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አርታኢው፣ ያው ጋዜጠኛው ዳንታስ፣ ከማስታወሻው ብዙ ቆርጧል፤ የፊደል ግድፈቶቿን ግን ትቷቸዋል። እውነተኛነቱ እንዲታይ ነው ይባላል። እኔ ግን የሀብታም ደራሲ ግድፈት እንዲህ በክብር ሲጠበቅ አላየሁም። ካሮሊና ግጥም ጽፋለች፣ ልብ ወለድ ጽፋለች። የሚፈልግላት አልነበረም፤ ከእሷ የሚፈለገው ረሀቧ ብቻ ነበር። በ1977 ከከተማው ዳር፣ በድህነት ሞተች።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ክላሪስ ሊስፔክቶር ሞተች። ክላሪስ የተወለደችው በ1920 ዩክሬን ውስጥ ነው። አይሁድ ናቸው፤ ጭፍጨፋ ሸሽተው ብራዚል ሲገቡ ሕፃን ነበረች። መጀመሪያ ያረፉት የት ይመስላችኋል? ማሴዮ፣ የአላጎአስ ዋና ከተማ፣ የግራሲሊያኖ አገር። በሞተችበት ዓመት ያወጣችው «የኮከቢቱ ሰዓት» ዋና ገጸ ባሕርይ ማካቤያ ከዚያው ከአላጎአስ ወደ ሪዮ የመጣች የ19 ዓመት ታይፒስት ናት። ምግቧ ሆት ዶግና ኮካ ኮላ ነው። ሰዓት የሚናገር ሬዲዮ ስትሰማ ታድራለች። የፋቢያኖ የልጅ ልጅ ብትባል አያጣላም።

ሬዲዮው ላይ አንድ ቃል ትሰማና ኦሊምፒኮ የሚባለውን ጓደኛዋን ትጠይቀዋለች። «ኤሌክትሮኒክ ምን ማለት ነው?» እሱ ዝም ይላል። ከዚያ «አውቀዋለሁ፤ ግን ልነግርሽ አልፈልግም» ይላታል። ያ ኩርኩም ከአርባ ዓመት በኋላ ሪዮ ደረሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ክላሪስ በዚህ መንገድ ስለ ድሃ መጻፉ ራሱ ያሳፍራታል። ስለዚህ ሮድሪጎ የሚባል ወንድ ተራኪ ፈጥራ፣ እሱ በየገጹ ስለዚች ልጅ የመጻፍ መብት አለኝ ወይ እያለ ሲጨነቅ ታሳየናለች። ጭንቀቱ አንዳንዴ ያሰለቻል። ታገሱት፤ መጽሐፉ መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም።

የካሮሊና ደብተርስ የት ደረሰ? ኮንሴይሳው ኤቫሪስቶ በ1946 ቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ ፋቬላ ውስጥ ተወለደች፤ በወጣትነቷ ሰው ቤት ሠርታለች። እናቷ የካሮሊናን መጽሐፍ አንብበው፣ «ይሄማ የኔ ኑሮ ነው» ብለው እሳቸውም ማስታወሻ መጻፍ ጀመሩ። ልጅየው ደራሲ ሆነች። በ2018 ለብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ተወዳደረች። ያገኘችው ድምፅ አንድ ነው። ይህ አካዳሚ በ1897 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማሻዶ ዴ አሲስ ነበር፤ ነጻ የወጡ ባሮች የልጅ ልጅ፣ ብዙዎች እስከ ዛሬ የአገሪቱ ቁንጮ ደራሲ የሚሉት። ከዚያ ጥቁር ሴት አባል ለመምረጥ 128 ዓመት ፈጀበት። በ2025 የተመረጠችው አና ማሪያ ጎንሳልቬስ ናት።

የመጨረሻውን በአጭሩ ላንሳና ልውረድ። ኢታማር ቪዬራ ጁኒየር፣ የ1979 ልጅ፣ ሳልቫዶር የተወለደ። በመንግሥት የመሬት ማሻሻያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ ገበሬውን ያውቀዋል። ልብ ወለዱ «ጠማማ ማረሻ» በ2018 ፖርቱጋል ውስጥ የለያ ሽልማትን አገኘ፤ በ2019 ብራዚል ታተመ፤ እንግሊዝኛው በ2024 የዓለም አቀፍ ቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ታሪኩ ባሂያ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ የሚኖሩ የባሮች ተወላጆች ታሪክ ነው። ለጌታው ያርሳሉ፤ ደመወዝ የለም። የጭቃ ቤት መሥራት ይችላሉ፤ በጡብ መሥራት ክልክል ነው፤ ጡብ ይቆያላ! እንግሊዝኛው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል ይፈጅበታል። እኛ አንድ ቃል አለን፤ ጭሰኛ። ከ1967ቱ አዋጅ በፊት፣ ይሄኛው እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው፣ የነበረውን ኑሮ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

መጽሐፉ ሲጀምር ሁለት እህትማማች ሕፃናት የአያታቸውን አሮጌ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ይጎትታሉ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ አለ። ያብለጨልጫል። ሕፃን የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? ወደ አፉ። አንደኛዋ ምላሷ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ አንዷ ለሁለት ትናገራለች። የትኛዋ እንደተቆረጠች ደራሲው ለብዙ ገጽ አይነግረንም። እኔም አልነግራችሁም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ታሪኩን ተቀብላ የምትተርክልን ራሷ፣ ምላስ የሌላት ናት።

መጽሐፎቹን በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ያለኝ አንድ አንድ ቅጂ ነው። መዋስ ይቻላል፤ ደብተሩ ላይ ስምና ስልክ ጽፋችሁ ውሰዱ። ያልመለሰ ሰው... ካሮሊና ምን ትል እንደነበር ሰምታችኋል። አመሰግናለሁ።