የረመዳን 20ኛው ምሽት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ፣ ሸዋ በር ካለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ነው። የመግሪብ አዛን ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ስለቀረው መሀል ላይ ቢገባብኝ ቆርጬ አላወጣውም፤ የዛሬው ነገሬም፣ የሊቢያ ዋና ከተማ ትሪፖሊ ከሙዓመር ጋዳፊ እጅ የወጣችበት ታሪክ፣ የጀመረው በዚሁ ሰዓትና በዚሁ ድምፅ ነበርና።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ። በሂጅራው ደግሞ የረመዳን 20ኛው ቀን፣ መካ በነቢዩ ሙሐመድ የተከፈተችበት ዕለት መታሰቢያ ነው። በትሪፖሊ ሰዎች ጾማቸውን ፈተው ከማዕድ ሳይነሡ በጋዳፊ ላይ የተነሡት ዓማፅያን የሽግግር ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሙስጠፋ አብዱል ጀሊል በቴሌቪዥን ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ አስቀድሞ የተቀጠረ ምልክት ነበር። ወዲያው ከየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «አላሁ አክበር» ተሰማ፤ እንደ ሱቅ አል ጁምዓና ታጁራ ባሉ ሰፈሮችም ወጣቶች መንገድ ዘግተው ተኩስ ከፈቱ። እነዚህ ሰፈሮች በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ባዶ እጃቸውን ወጥተው በጥይት የተመለሱ ናቸው። በማግሥቱ ተዋጊዎች ከምዕራብ ከዛዊያ በኩል ገቡ፤ ከምሥራቅ ደግሞ ከሚስራታ በባሕር የመጡ ነበሩ። ነሐሴ 17 ቀን የሙዓመር ጋዳፊ ግቢ ባብ አል አዚዚያ ወደቀ። አርባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ የቀሩት አገዛዝ ዋና ከተማውን በአራት ቀን አጣ።

ዘመቻው «የባሕር ሙሽራ ንጋት» የሚል ስም ነበረው፤ የባሕር ሙሽራ ትሪፖሊ ከጥንት የምትጠራበት ቅጽል ነው። ለብዙ ጊዜ እኔም ነገሩን የምተርከው እስካሁን እንደነገርኳችሁ አድርጌ ነበር፤ ሕዝብ ከማዕድ ተነሥቶ ከተማውን ነጻ አወጣ ብዬ። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ግማሹ ግን ጎድሎታል። መጋቢት 8 ቀን 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተአቅቦ ያጸደቀው የውሳኔ ቁጥር 1973 ሲቪሎችን ለመጠበቅ ሲፈቅድ፣ በማንኛውም መልክ የውጭ ወራሪ ኃይል በሊቢያ ምድር እንዳይሰፍር ከልክሎ ነበር። ሆኖም ገና ውሳኔው ሊወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ወታደሮች ከስለላ ሰዎች ጋር በሌሊት በሄሊኮፕተር ቤንጋዚ አቅራቢያ ወርደው ሊረዷቸው በመጡላቸው በራሳቸው በዓማፅያኑ እጅ ተይዘዋል፤ ሳይውል ሳያድርም ተለቀው ወጡ። ፈረንሳይ በምዕራብ ሊቢያ ለነፉሳ ተራራ ዓማፅያን መሣሪያ ከአየር መጣሏን በሰኔ ወር አመነች። ጋዳፊ በተገደሉ በሳምንቱ ደግሞ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ የኳታር ኤታማዦር ሹም ወታደሮቻቸው በየአካባቢው በመቶዎች ተቆጥረው በምድር ላይ እንደነበሩ በአደባባይ ተናገሩ።

በእኛ አገር ጅጌ ሲጠራ ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ጠላውን ማን እንደጠመቀ ይታወቃል። ውለታም ወቀሳም የሚኖረው ሰው ፊቱን ገልጦ ስለሠራ ነው። ትሪፖሊ የተጠራው ጅጌ ግን ብዙዎቹ ሠራተኞች ፊታቸውን ሸፍነው የመጡበት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ የውጭ ሰው መርዳቱ አይደለም፤ እኛም በ1933 ዓ.ም. የውጭ ርዳታ አግኝተናል። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ከጣልያን እጅ ስትወጣ ከኮምቦልቻ በኩል ዳገቱን ተዋግተው የወጡት ከአርበኞቻችን ጋር የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። እነሱ ግን በገዛ ባንዲራቸው ስለመጡ፣ ከጣልያን መውጣት በኋላ እንግሊዞች እንደ አስተዳዳሪ ሲቆዩ ንጉሠ ነገሥቱ የሚከራከሩት ወገን ስሙም አድራሻውም የታወቀ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፣ በ1937 ዓ.ም. እንደገና ተሻሻለ። በሊቢያ «ነበርን» ያላለ ኃይል «ማግሥቱም ይመለከተኛል» አላለም። ከዚያም የከፋው፣ እያንዳንዱ ረጂ የየራሱን ወዳጅ መርጦ ማስታጠቁ ነው፤ አንዱ የዚንታን ከተማን ሰዎች፣ ሌላው ሌላውን ያዘ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሚስራታና የዚንታን ጦሮች የትሪፖሊን አውሮፕላን ማረፊያ ለመያዝ ሲዋጉ ማረፊያው ራሱ ተቃጥሎ ቀረ።

የአብደል ሐኪም በልሐጅ ታሪክም አለ፤ ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከነሐሴው ድል በኋላ የትሪፖሊ ወታደራዊ ምክር ቤት አዛዥ የሆነው ይህ ሰው በ1996 ዓ.ም. ከነፍሰ ጡር ባለቤቱ ጋር በእስያ ተይዞ ለጋዳፊ እስር ቤት ተላልፎ ነበር። ከተማዋ በተያዘች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጋዳፊ መሥሪያ ቤቶች የተገኙ ደብዳቤዎች የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት በዚህ ነገር እጁ እንዳለበት አጋለጡ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ግንቦት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ባልና ሚስቱን ይቅርታ ጠየቀ። የአንዱ መንግሥት የስለላ እጅ ለአገዛዙ አሳልፎ የሰጠውን ሰው፣ የዚያው መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች አገዛዙን ሲጥል አገዙት ማለት ነው።

ደሴ፣ እኔ እስከማውቀው፣ እንደ ትሪፖሊ ከውስጧ ተነሥታ አታውቅም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ እዚሁ ነበርኩ። ስልክ በጠፋበት ሌሊት፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ተኩስ እየተሰማ ማን ገባ ማን ወጣ ሳይታወቅ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን «ይህ ሰው ከእነማን ጋር ነው?» ብሎ በዐይኑ ሲመዝን አይቻለሁ። ስለ ትሪፖሊ ሳነብ ዐይኔ ከአደባባዩ ጭፈራ ይልቅ በየቤቱ በር ላይ የሚያርፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ በዚያ ነሐሴ ትሪፖሊ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከመስጊዶቹ የ«አላሁ አክበር» ተክቢራው ሲነሣ የዒድ ጨረቃ ታየች ብላ ተደስታ ነበር፤ ኋላ ቀኑን በጣቷ ብትቆጥር ገና ሃያ ሆነባት። በሚቀጥሉት ቀናት ጥቁር ሰው ሁሉ የጋዳፊ ቅጥረኛ ወታደር እየተባለ ከየመንገዱ ይታፈስ ስለነበር አሠሪዋ ዕቃ ቤት ውስጥ ደበቀቻት። በዚያው ሰሞን በአንዱ የጋዳፊ ልጅ ቤት ሞግዚት የነበረች ኢትዮጵያዊት ገላዋ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ተገኝታ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷታል፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ይህንን የሰማችው ደሴ ከተመለሰች በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቡና አፍልታ ጠርታኝ ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኋት። በሦስተኛው ቀን አንድ የታጠቀ ሰው በሩን አንኳኩቶ ውኃ እንደለመነ ነገረችኝ። አሠሪዋ ዕቃ ቤት ሆና እንድትቆይ ብታዛትም በበሩ ስንጥቅ አይታዋለች። ዐረብኛው የአሠሪዋን አይመስልም፤ የሠፈሩንም ሰዎች አይመስልም። ውኃውን ቆሞ ጠጣ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰ፣ ሄደ። አሠሪዋ በሩን ቆልፋ ስትመለስ ልጅቷ ማን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አሠሪዋም መልስ ሳትሰጥ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

አዛኑ ወጣ። እዚህ ላይ ላቁም።